ቢጫ ግሉኮስ፣ ሞቅ ያለ ውሃና የሙሽራዋ ጉንጭ

ሥራ ለምን እንዳቆምኩ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። ጉልበቴ እውነትም ያመኛል። ግን የእኔ ሥራ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማውራት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም። ያስወጣኝ አንዲት ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። እሱን ለመንገር ከመርሳ ገበያ መጀመር አለብኝ።

መርሳ ላይ ቦንዳ ልብስ እሸጥ ነበር። ቦታዬ ከአንድ የግል ክሊኒክ በር ጎን ነው። ሰው ወደ ክሊኒኩ ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ይቆማል። ጃኬት የሚያይ ይመስላል፤ እጁ ጃኬቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማማ፣ እዚህ ቤት መርፌው ያማል?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ። ነጋዴ አላውቅም ካለ ግን ገበያተኛው ጥሎት ይሄዳል። «የዚህን ጃኬት ዋጋ ከምነግርህ አይብስም» እላለሁ። ይስቃል፣ ይገባል።

አንድ ቀን የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጃኬት ሊገዛ መስሎኝ የተሻለውን አነሳሁ።

«ሰይድ» አለኝ፣ «በሽተኞቼ የሚመረመሩት አንተ ጋ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ለማረጋገጥ ነው። እዚህ የምታወራውን ለምን ውስጥ ገብተህ አታወራም?»

ወልድያ ላይ ሁለተኛውን ክሊኒክ ሲከፍት እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ወሰደኝ። ደሞዙ የሚያኮራ አልነበረም፤ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ዕቃ ከመሰብሰብ ተገላገልኩ። ቅጥሬን ሲጽፉ የትምህርት ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ገበያ» አልኳት። ባዶውን ተወችው።

የተመደብኩት በኮሪደሩ መጨረሻ ካለው የቁስልና የመርፌ ክፍል በር ላይ ነው። ክፍሉ የሲስተር አበራሽ ነበር። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ስትሄድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፤ «ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ መልስ። ስንት ሰዓት እንደምንከፍት መልስ። ከዚያ ውጭ ለሚጠይቅህ ሁሉ 'ግቡ' በል። አንተ ምላስህ ይጣፍጣል፤ ሰው የጣፈጠውን መልስ ይዞ ሳይታከም ቤቱ ይገባል።»

ተቀየምኩ። በኋላ ነው የገባኝ።

ጥያቄው ግን ጉድ ነው። አንድ የጉባ ላፍቶ ገበሬ መጡና «ግሉኮስ ስቀሉልኝ» አሉ።

«ምን አመመዎት አባባ?»

«ምንም። አጨዳ ደርሷል።»

ሰውየው ፊታቸው በርቷል፣ ከበሬ የጠነከሩ ናቸው። ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሲስተርን «ነጩን አይደለም፤ ለጎረቤቴ የሰቀልሽለትን ቢጫውን» አሏት። ቢጫ የሚያደርገው የሚጨመርበት ቫይታሚን እንደሆነ ነገረቻቸው። «ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ፤ አፍዎ እየሠራ ክንድዎን ለምን ያደክሙታል?» አለቻቸው። ስትመረምራቸው ቆይታ ምንም እንደሌለባቸው ስትነግራቸው ተናደው ወጡ። በር ላይ «ንፉግ ናት» አሉኝ። በማግስቱ ሌላ ቤት ሄደው ቢጫውን አሰቅለው፣ ክንዳቸው ላይ ያለውን ፕላስተር ሊያሳዩኝ ብቻ ተመልሰው መጡ።

ሁሉም የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። «ቱቦው ውስጥ አየር አየሁ፤ መሞቴ ነው?» ሲስተር ትንሿ አረፋ እንደማትገድል፣ ካሳሰባቸው እንዲጠሯት፣ እሷ እስክትመጣ ግን ቱቦውን እንዳይነኩ ትነግራቸዋለች። ይሄን የምትለው አንድ ባለ ባጃጅ አረፋ አየሁ ብሎ መርፌውን ራሱ ነቅሎ፣ ኮሪደሩን ደም በደም አድርጎ እኔ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

ረመዳን ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል። «ግሉኮስ ጾም ያስፈታል? የቁስል እጥበትስ?» እኔም ጾመኛ ነኝ፣ መልስ አፌ ላይ ይመጣል። ሲስተር ግን «የጾሙን ሸሆቹን ይጠይቁ፤ እኔ የምነግርዎት ቁስሉ እንደማይጾም ነው» ትላለች። ክርስቲያኖቹም በጾምም በበዓልም የየራሳቸው አላቸው። ቁስሉ እየደማ ቤተ ክርስቲያን ልግባ ወይ የሚሉ እናቶች አሉ። ለእነሱም ቄስዎን ይጠይቁ፣ ፋሻውን ግን እኔ ሳላየው አይፍቱት ትላለች።

የሲስተርን አንድ ልማድ ሌላ ቦታ አላየሁም። ነርሶች ሁሉ «ምን ቀባህበት?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ተጋግሮ እየታየ ምንም። የጥርስ ሳሙና እየሸተተ ምንም። የካፕሱል ዱቄት ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ደርቆ፣ ምንም። ባለ ባጃጆቹማ ግራሶ ቀብተው መጥተው ዓይን ዓይኗን እያዩ ምንም ይሏታል። እሷ እንዲያ ብላ አትጠይቅም። ቁስሉን ሳትነካ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄን ቀቡበት ያለዎት ማን ነው?» ትላለች። ወዲያው «ጎረቤቴ!» ሰው የራሱን ይደብቃል እንጂ የጎረቤቱን ለመናገር ይቸኩላል። ቦንዳ ገበያ ላይ ዕድሜዬን ስፈጅ ይሄን ዘዴ አለማወቄ ቆጭቶኛል።

ቁስል ላይ የደረቀ ጎዝ ስትፈታም አትጎትትም። የጨው ውሃውን ጠርሙስ በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ ታሞቀዋለች፣ ታርሰዋለች፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። «ጎዙ ራሱ ይልቀቅ» ትላለች። ፕላስተር ስትለጥፍ ጫፉን ታጥፈዋለች፤ በኋላ ሲነሳ ጥፍር እንዳይፈልግ። በጦርነቱ ክሊኒኩ ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ሲቀር፣ እኔ ከገበያ ጥጥነቱን በጣቴ እየለየሁ አንሶላ አመጣሁላት፤ ቀቅላ፣ ቆርጣ፣ አጥፋ ፋሻ አደረገችው። ያን ጊዜ ጨርቅ ማወቄ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

እሷንም የጣላት ነገር አለ።

አባ ሙሄ የሚባሉ የውርጌሳ ሽማግሌ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ የእግራቸው መዳፍ ላይ ቁስል ወጣ። ሲስተር ብዙ ደክማበት ቁስሉ ከዳር ከዳር መግጠም ጀመረ። ከውርጌሳ በሚኒባስ ይመጣሉ፣ በሩ ላይ «ሰይዶ፣ ዛሬስ ትጠብ ይሆን ጉድጓዷ?» ብለው ይገባሉ። ወደ መጨረሻው «ሲስተር፣ እቤት ልጠበው እችላለሁ?» ብለው ጠየቁ። «ይችላሉ። አይዘፍዝፉት፣ ለብ ሞቅ ባለ ንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ በጣቶችዎ መሃል ሳይቀር ያድርቁት» አለቻቸው። ትክክለኛ መልስ ነው። እኔም በር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

በሚቀጥለው ሲመጡ ልጃቸው አዝሎ ነው ያስገባቸው። ፋሻው ሲፈታ የእግራቸው ቆዳ እንደ ካልሲ ወጣ። በሩ ክፍት ነበር፤ አየሁት። ዛሬም ካልሲ ሳወልቅ ትዝ ይለኛል።

«አባባ» አለች ሲስተር፣ «ውሃውን በምን ለኩት?»

«በእግሬ ነዋ። ነከር አደረግሁት። አልፈጀኝም።»

ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። የማይሰማውን እግር ውሃው ይፈጅ አይፈጅ ጠየቁት፤ እግሩም አይፈጅም አላቸው። ሆስፒታል ተላኩ፣ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ተቆረጠ። ሲስተር ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ከዚያ በኋላ ግን ለማንም መልስ ሰጥታ አታሰናብትም። ከመለሰች በኋላ «እሺ፣ በምን ይለኩታል?» ትላለች፤ በሽተኛው እቤት የሚያደርገውን ከአፉ ሳትሰማ አትለቅም። የሚለካው በክርን ነው፣ የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት።

ኋላ ላይ አዲስ ዓይነት ጥያቄ መጣ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆች፣ ጥሩ ሽቶ የተቀቡ፣ በሩ ላይ ቆመው «አባ፣ ከንፈር ትሞላላችሁ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ስሰማው ከንፈር ምን ይጎድለዋል ብዬ የራሴን ነካሁ፤ ፊለር የሚሉት የሚሞላ መርፌ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። «የሚያነጣው ግሉኮስስ አለ?» ቢጫው ሳያልቅ ነጭ አድራጊው መጣ። ዶክተሩ ነገሩ ገበያ እንዳለው አይቶ ዓይኑ በራ። ሲስተር፣ «የተማረው ሐኪም ሲያደርገው ሥራ ነው። እዚህ ቤት የተማረው ማን ነው? አንተ ነህ?» ስትለው ተወው።

እኛ ብንተወውም ከመናኸሪያው በላይ ያለችው የውበት ቤት አልተወችውም።

ሀያት የመርሳ ልጅ ናት። ሪያድ ሠርታ ተመልሳ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው የውርጌሳ ልጅ። እናቷ እትዬ ዘሀራ ከእኔ ቦንዳ የገዙ የድሮ ደንበኛዬ ናቸው። አንድ ጠዋት ልጅቷን በነጠላ ሸፍነው በር ላይ ደረሱና እንደ ድሮው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሰይዶ፣ የውበት መርፌ ተወግታ ፊት ማበጥ ያለ ነው አይደል? ወጊዋ ያለ ነው ብላለች።»

አፌ ላይ መልስ መጣ። ሰርግ አለ፣ እናት ተጨንቀዋል፣ «አብሽሩ፣ ያለ ነው» ብላቸው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። «ግቡ» አልኩ።

ሲስተር ነጠላውን ገለጠች። እኔ በሩን ልዘጋ ይዤው ቀረሁ። የልጅቷ ፊት ከአንገቷ ጀምሮ እንደ ወርቅ ቢጫ ነው፤ ለሰርጉ ወይባ ሞቃለች። ሙሽራ የወይባ እንጨት ጢስ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትቀመጣለች፣ ጢሱ ገላዋን ያሳምረዋል፤ በእኛ አገር የታወቀ ነው። ፊት ግን ውጭ ነው የሚቀረው።

«ፊቷንም ያስገባት ማን ነው?» አለች ሲስተር።

«አክስቶቿ!» አሉ እትዬ ዘሀራ ወዲያው። «ወጊዋ ካበጠ ሞቅ ያለ ያዥበት ስላለቻት፣ ከወይባ የበለጠ ምን ሙቀት አለ ተባለና...»

ሲስተር የሀያትን ቀኝ ጉንጭ በጣቷ ተጭና ለቀቀች። ከዚያ የግራውን፣ ከአፍንጫዋ ሥር። ቀለሙ በጢሱ ተሸፍኖ ምንም አይለይም። ጥፍሯን አየች፤ ሂና ነው። ሙሽራዋ ከራስ እስከ እግር አምራ፣ ደሟ መምጣት አለመምጣቱ የሚታይበት ቦታ ጠፋ። ሲስተር ዘይት በጎዝ ነክራ ያቺን የአፍንጫ ሥር ብቻ እየደጋገመች ጠረገች። ከቢጫው ሥር ወይን ጠጅ የመሰለ፣ እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፈ ቀለም ወጣ። ጠርዙ ላይ ውሃ ቋጥሯል።

«ጢሱ ውስጥ ስትሆኚ አላቃጠለሽም?»

«ቀኙ ሞቆኝ ነበር» አለች ሀያት። ስትናገር ከንፈሯ በአንድ ወገን ብቻ ይሄዳል። «ግራው ምንም። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ነበር።»

ሲስተርና እኔ ተያየን። አባ ሙሄ ክፍሉ ውስጥ የገቡ መሰለኝ።

ደሴ ላለ የቆዳ ሐኪም ደወለች፤ እንዲህ ያለውን የሚያውቅ እሱ ነው። በስልክ ድምፁ ይሰማል፤ «ፊለሩ የደም ሥር ዘግቶ ነው። አሁኑኑ ላኪያት። ግን ምን እንደተወጋች ልወቅ። የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ ማሟሚያ አለኝ። ዘይት ከሆነ አይሟሟም፤ ሌላ ቦታ ነው የምልካት። በመንገድ የምታባክነው ሰዓት ጉንጯ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ወጊዋ ጋ ደወሉ። ውሃ ነው የወጋኋት፣ ቫይታሚን ነው፣ እኔ አልወጋኋትም፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ዘጋች። «ፖሊስ እንጥራ» አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ዕቃው ገደል ይገባል። ይሄ የእኔ ሥራ ነበር። ኮቴን አነሳሁ።

ወጊዋ ፋኒ ትባላለች፤ የቤት ስሟ ፋንታዬ ነው። ቤሩት ማዳሟን ከውበት ቤት ውበት ቤት ስታመላልስ ያየችውን ነው የምትሠራው። በሯን ገርበብ አድርጋ፣ አፏን በማስክ ሸፍና ቆመች።

«እህት፣ ለክሊኒካችን ፊለር ፈልገን ነበር» አልኳት። «ዶክተሩ ሊጀምር ነው። ጥሩ ዕቃ አንቺ ጋ አለ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ግን ካልታየ አንገዛም። የማይሟሟ ዕቃ አንፈልግም።»

«የማይሟሟ?» ተቆጣች። ገበያዋ ተነካ። «የእኔ ዕቃ ኦሪጂናል ነው!» ገብታ ሳጥኑን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ጨርቅ አገላብጬ አየሁት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ለሲስተር ላክሁ። ከዚያ ሳጥኑን መለስኩላት።

«ፋንታዬ፣ የሀያት ጉንጭ እየሞተ ነው። ሐኪሙ ይሄን ስም ነበር የሚፈልገው።»

ትጮኻለች ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። አልጮኸችም። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ማስኩን አወረደችው። የላይኛው ከንፈሯ ጥቁር እንጀራ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል፣ ዙሪያው አብጧል።

«እኔም ከዚያው ሳጥን ነው» አለች። «እሷን ከመውጋቴ በፊት ራሴ ላይ ሞከርኩት። ያን ቀን ምንም አልሆንኩም ነበር።»

ሌባ ይዣለሁ ብዬ በሽተኛ ነው የያዝኩት።

ሲስተር ደወለች። የሚሟሟው ነው፤ ሐኪሙ እየጠበቀ ነው። ወደ ደሴ የሚወስዳቸው መኪና ክሊኒኩ በር ላይ ሲቆም ፋኒን ይዣት ደረስኩ። እትዬ ዘሀራ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቺ ከልጄ ጎን አትቀመጥም! ወላሂ አትቀመጥም!»

«እማ፣ ትግባ» አለች ሀያት ከውስጥ፣ በዚያች በግማሽ አፏ። «መንገድ ላይ የምጠይቃት አለኝ።»

እኔ ከፊት ከሾፌሩ ጋር ተቀመጥኩ። መርሳ ስንደርስ የሰርጉ ዳስ ሲተከል ከአስፋልቱ ይታያል፤ ሰዎቹ ሸራውን እየወጠሩ ነው። ሾፌሩ ያውቃቸዋል፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሀያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና «አታቁም፣ ንዳ» አለችው። ውርጌሳን ስናልፍ እናትየው ያለቅሱ ነበር። ከኋላ ግን ሌላ ድምፅ ይሰማኛል። ሀያት የምር ጥያቄዎቿን እየጠየቀች ነው። ሲወጉ መርፌው የት ነው የሚገባው? ደም ሥር መሆኑን በምን አወቅሽ? ፋኒ አንዱንም አልመለሰችም። «አላውቅም» ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አላውቅም»። ነጋዴ ከሆንኩ ወዲህ ያን ቃል እንዲህ ተደጋግሞ ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ሁለቱንም ማሟሚያውን ወጋቸው። የሀያት ጉንጭ ዳነ። ከአፍንጫዋ ሥር ግን የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ሞታ ነበር፤ ያቺ ቦታ ቆስላ መሻር ነበረባት። ሰርጉ ተገፋ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሰበብ ነው ብለው ሊያኮርፉ ሲሉ ሙሽራው ራሱ ወልድያ መጥቶ እኔ በር ላይ ቆመና «አባ፣ ትድናለች?» አለኝ። «ግባ» አልኩት። ገብቶ አያት፣ ወጥቶ ዳሱ እንዳይፈርስ ደወለ። ቁስሉ ሳይደርቅ ተጋቡ፤ ሲስተር ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚሄድ ፕላስተር ቆርጣ ለጠፈችላት፣ ጫፉን አጥፋ።

ከሰርጉ በኋላ ለመጨረሻው እጥበት መጣች። ቤንቹ ላይ ፋኒም አለች፣ ከንፈሯን ልታሳይ ተራ ትጠብቃለች። በመመላለስ ብዛት ከሀያት ጋር ሳይቀራረቡ አልቀሩም። ሲስተር ጎዙን አራሰች፣ ጠበቀች፣ ራሱ ለቀቀ። ከሥሩ ንጹሕ ሮዝ ጠባሳ ወጣ፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። ሲስተር ፈገግ ስትል አየሁ። ስንቴ ፈገግ እንዳለች ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ብዙ አይደለም።

ሀያት መስታወት ጠየቀች። አየችው። ወደ ብርሃን ዞር ብላ ደግማ አየችው።

«ሲስተር፣ ይቺ ጎድጓዳዋ በመርፌ ትሞላለች አይደል?»

የሲስተር መቀስ አየር ላይ ቀረ። በልማዷ፣ ቀስ ብላ፣ «እንዲያ ያለሽ ማን ነው?» አለች።

ሀያት በአገጯ ወደ ቤንቹ አመለከተች። ወዲያው፤ እንደ ሁሉም ሰው።

ፋኒ ማስኳን ወደ ላይ ሳበች። «እኔ አልወጋም ሲስተር፣ ትቻለሁ። የሚወጋ ሰው አዲስ አበባ አለ ነው ያልኳት።»

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። ዕድሜ ልኬን በር ላይ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ሰይድ» አለች በመጨረሻ፣ መቀሷን እያስቀመጠች፣ «ያቺንም አስገባልኝ። በሩን ዝጋው። ዛሬ ከሁለቱም አፍ ሳልሰማ አይወጡም።»

ፋኒን አስገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ከውስጥ የሲስተር ድምፅ ይሰማል፣ «እሺ፣ በምን ትለኩታላችሁ?» ስትል። የሚለው የጠፋው ሰው ደግሞ በር ላይ አይቀመጥም፤ መልሱን ቆሜ አልሰማሁም። ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጉልበቴን አመመኝ አልኩት።